ሳይቶካይኖች በፋንኮኒ የደም ማነስ

የፋንኮኒ የደም ማነስ በዘር የሚወረስ፣ የአጥንት መቅኒ ደም የማምረት አቅሙን ቀስ በቀስ የሚያጣበት ብርቅ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1927 በሦስት ወንድማማቾች ላይ ካየው የስዊዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ከጊዶ ፋንኮኒ ነው። «የደም ማነስ» መባሉ ግን ያሳስታል። የሚመነምነው ቀይ የደም ሕዋስ ብቻ ሳይሆን ነጩም፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌቱም ጭምር ነውና።

ከበሽታው ጋር የተያያዙት ዘረመሎች ከ20 በላይ ናቸው። የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች እርስ በርስ ሲጣበቁ ጉዳቱን ይጠግናሉ። ምርመራውም የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው፦ ክሮቹን የሚያጣብቅ ኬሚካል ሲጨመርበት የታማሚው ክሮሞሶም ከመጠን በላይ ይሰባበራል።

መቅኒው የሚነጥፈው ግን በጥገናው ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የመከላከያ ሥርዓቱ መልእክተኞች የሆኑት ሳይቶካይኖችም እጃቸው አለበት። በብዙ ታማሚዎች መቅኒ ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለው ሳይቶካይን ከጤነኛ ሰው በልጦ ተገኝቷል። ችግሩ በመብዛቱ ብቻ አያበቃም። በተለይ ኤፍኤኤንሲሲ የተባለው ዘረመል የተበላሸባቸው ሕዋሳት፣ ጤነኛ ሕዋስ የሚችለው መጠን ያለው ቲኤንኤፍ አልፋ ወይም ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው ሌላ ሳይቶካይን ሲደርሳቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ይህ ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን ፒኬአር የተባለውን የሞት ቀስቃሽ ኤንዛይም ከሚገቱት አንዱ ስለሆነ፣ እሱ ሲጎድል ልጓሙ ይላላል።

ኢንተርፌሮን ደግሞ ያንቀላፉ ግንድ ሕዋሳትን፣ ማለትም የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚፈልቁባቸውን፣ ቀስቅሶ ለመከፋፈል ያስገድዳል። ሲከፋፈሉ ያልተጠገነው ጉዳት ይጋለጣል። የፋንኮኒ ጉድለት ያለባቸው አይጦች እንደ ሰው በራሳቸው ጊዜ መቅኒያቸው አይነጥፍም፤ ኢንተርፌሮን የሚያስመነጭ ንጥረ ነገር ደጋግሞ ሲሰጣቸው ግን ይነጥፋል። በእኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ አሳማኝ ማስረጃ የለም። ቲጂኤፍ ቤታ የተባለው ሳይቶካይንም ግንድ ሕዋሳቱን ሲያፍን ይታያል፤ በቤተ ሙከራ ሲታገድ እድገታቸው ይሻሻላል።

አስፈሪው ነገር ከዚህ ይከተላል። ቲኤንኤፍ አልፋ ደካሞቹን ሕዋሳት እየገደለ ሲሄድ፣ ሞትን የሚቋቋሙ የተለወጡ ሕዋሳት ቦታውን ይወርሳሉ፤ ከእነዚህም የደም ካንሰር ሊነሣ ይችላል።

የመቅኒውን መነጠፍ የሚያድነው እስካሁን የግንድ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላም በ1988 ፓሪስ ውስጥ የተደረገው ለዚሁ በሽታ ታማሚ ለሆነ ሕፃን ነበር። ሳይቶካይኖቹን ማገድ ማራኪ ሐሳብ ቢሆንም ጣጣ አለው፦ ነጭ የደም ሕዋሱ የተመናመነ ሰው ኢንፌክሽንን የሚመክተው በእነዚሁ መልእክተኞች ጭምር ነው።