«የሥራ ቋንቋ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «የሥራ ቋንቋ» ሲባል «ብሔራዊ ቋንቋ» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አማርኛን ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ይለዋል። የመጀመሪያው ስለ ክብር ነው፤ ሁለተኛው ደብዳቤ የሚጻፍበትንና ስብሰባ የሚካሄድበትን ቋንቋ ይወስናል። ክልሎችም የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ ይመርጣሉ። ኦሮሚያ አፋን ኦሮሞን፣ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ጋምቤላ ደግሞ አማርኛን መርጠዋል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። እውቅና ያለው ቋንቋ ሁሉ በመሥሪያ ቤት መስኮት አገልግሎት አያስገኝም። አፏን ከፈታችበት ቋንቋ ሌላ የማታውቅ እናት ማመልከቻዋን ሌላ ሰው እንዲጽፍላት ትለምናለች፤ ይህ በእኔ እምነት ቀላል ጉዳት አይደለም። በወንጀል ለተከሰሰ ሰው እንኳ አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ያለ ክስ ጉዳይ ለማስፈጸም የመጣች እናት ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ዋስትና በዚያ አንቀጽ አታገኝም። በ2012 መንግሥት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ መወሰኑን አስታውቋል። ለዚህ ደግሞ ተርጓሚ፣ ቅጽና የሠለጠነ ሠራተኛ ያስፈልጋል።