ኤርደኔት፦ መዳብ የሠራት የሞንጎሊያ ከተማ

ሞንጎሊያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የጎቢ በረሃ፣ ፈረሰኛና ጄንጊስ ካን ነው። ተጓዡም ከዋና ከተማዋ ከኡላንባታር ተነስቶ ወይ ወደ ደቡብ ወደ ጎቢ ይወርዳል፣ ወይ ወደ ሰሜን ወደ ሖቭስጎል ሐይቅ ይወጣል። ኤርደኔት ያለችው በዚህ በሰሜኑ አቅጣጫ ነው። አብዛኛው ተጓዥ ግን ምሳውን በልቶ፣ ነዳጁን ቀድቶ ያልፋታል። ያሳዝናል። ሞንጎሊያ ዛሬ በምን እንደምትተዳደር በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይቺ ከተማ ቢያንስ ሁለት ቀን ይገባታል።

ኤርደኔት ወደ 100 ሺህ ሕዝብ ይኖርባታል። ከአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት። የኦርኾን አይማግ፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማም ናት። ኦርኾን በስፋት ከሞንጎሊያ አይማጎች ሁሉ ትንሹ ነው። ቀድሞ የቡልጋን አካል ነበር፤ ራሱን ችሎ የወጣው በ1994 ነው። እዚህ ላይ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከ1970ዎቹ በፊት እዚህ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ቦታው የከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር። በ1960ዎቹ የቼኮዝሎቫኪያ ጂኦሎጂስቶች ከሞንጎሊያውያን ጋር ሆነው ተራራውን ሲመረምሩ ከፍተኛ የመዳብና የሞሊብዲነም ክምችት እንዳለው አረጋገጡ። ሞሊብዲነም ብረት ላይ ተጨምሮ ብረቱን የሚያጠነክር ማዕድን ነው። በ1973 ሞንጎሊያና ሶቭየት ኅብረት ማዕድኑን በጋራ ለማውጣት ተፈራረሙ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ሆነ። የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ውኃ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሰለንጌ ወንዝ በቧንቧ መጣ። አፓርታማ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የባህል አዳራሽ ተሠራ። በ1978 መጨረሻ ማዕድኑን የሚያጣራው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

በ1980ዎቹ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ከሶቭየት የመጣ መሐንዲስ፣ ሠራተኛና ቤተሰብ ነበር። ከ1990 በኋላ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አሻራቸው ግን አልጠፋም። ሰፋፊው አውራ ጎዳና፣ በሰልፍ የቆሙት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች፣ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው የልጆች መጫወቻ፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ነው። የሌኒን ቅርጽ እንኳ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ የሁለቱን አገሮች ወዳጅነት የሚዘክር ሐውልት ቆሟል። እግር ካላመማችሁ ወደ ማታ ወደዚያ ውጡ። ከላይ ሆኖ የከተማዋ አሠራር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሐሉ አፓርታማ ነው። ዳርዳሩን በእንጨት አጥር የታጠሩ ጌሮች ከበውታል። ጌር ተጠቅጥቆ በተሠራ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ የሚሸፈነው ክብ የሞንጎሊያ ቤት ነው። ከዚያ ባሻገር እርከን እርከን ሆኖ የተቆረጠው ተራራ አለ።

ያ ተራራ የከተማዋ እንጀራ ነው። ማዕድኑ የሚወጣው ዋሻ ተገብቶ አይደለም፤ ተራራው ከላይ እየተቆረጠ ነው። ዐለቱ በፈንጂ ይሰባበራል። አንድ ሰው ጎማቸው ሥር ቢቆም የሚሸፍኑት ግዙፍ መኪናዎች ይጭኑታል። ወደ ወፍጮው ይወስዱታል። በዓመት የሚፈጨው ዐለት ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ መዳቡ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ይህን ጥቂት መዳብ ከዐለቱ እንዴት ይለዩታል? ዐለቱ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጫል። ከውኃና ከኬሚካል ጋር በትልልቅ ገንዳዎች ይቀላቀላል። ከሥር አየር ይነፋበታል። መዳብ ያለባቸው ቅንጣቶች አረፋው ላይ ተጣብቀው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ሌላው አሸዋ ወደ ታች ይዘቅጣል። አረፋው ይገፈፍና ይደርቃል። የሚገኘው ጠቆር ያለ ዱቄት በባቡር ተጭኖ ወደ ቻይና ይሄዳል፤ የሚቀልጠው እዚያ ነው። ሞንጎሊያውያን «የራሳችን ማቅለጫ ይኑረን» ሲሉ የሚሰማው ለዚህ ነው። እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

የባለቤትነቱ ነገርም ሕዝቡን በጣም ያንገበግባል። የማዕድን ድርጅቱ ለረጅም ዘመን 51 በመቶ የሞንጎሊያ፣ 49 በመቶ የሩሲያ ነበር። በ2016 የሩሲያ ድርሻ ለአንድ የሞንጎሊያ የግል ኩባንያ ተሸጠ። አገሩ በክርክር ታመሰ። በ2017 ፓርላማው ድርሻው ወደ መንግሥት እንዲመለስ ወሰነ፤ በ2019 ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። ከከተማው ሰው ጋር ሻይ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ይህ ወሬ መነሳቱ አይቀርም። አዳምጡ። ከየትኛውም ጉብኝት በላይ ስለ አገሩ የምትማሩት ከዚያ ነው።

ማዕድን ማውጫው ግን እንደ ሙዚየም ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሆቴላችሁ ወይም በአስጎብኚ በኩል ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፣ ፓስፖርትም ያዙ። ፈቃድ ያላገኘ ሰው በባህል አዳራሹ ያለውን የማዕድን ሙዚየም ይጎብኝ። የማውጫውን ሞዴልና የጥንቱን ፎቶ እዚያ ያገኛል።

ከማዕድኑ ቀጥሎ የከተማዋ ኩራት የምንጣፍ ፋብሪካው ነው። የተቋቋመው በ1981 ነው። ሱፉ ከሞንጎሊያ በጎች የተሸለተ ነው። ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ይቀለማል፣ ከዚያ ወደ ሽመናው ይገባል። በብዙ የሞንጎሊያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የጄንጊስ ካን ምስል ያለበት ምንጣፍ ይሰቀላል፤ ከዚህ ፋብሪካ የሚወጣም አለ። ከፋብሪካው ሱቅ ትንሽ ምንጣፍ መግዛት ይቻላል፤ ለሻንጣም አይከብድም። ማሽኖቹን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሥራው ስለሚቀዘቅዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ምግቡ የሥጋ አገር ምግብ ነው። ጓንዝ በሚሏቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች ቡዝ፣ ኹሹርና ጹይቫን ታገኛላችሁ። ቡዝ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋ የተጠቀለለበት ሊጥ ነው፤ ሲነከስ ትኩስ መረቅ ስላለው ተጠንቀቁ። ኹሹር ልክ እንደ ሳምቡሳ በዘይት የተጠበሰ ነው፤ ጹይቫን ደግሞ ከሥጋ ጋር የተጠበሰ ፓስታ መሰል ነገር ነው። ሻይው ወተትና ጨው አለበት። ለጿሚ ወይም ሥጋ ለማይበላ ሰው አማራጩ ጥቂት ነው። ዳቦ፣ ፍራፍሬና ለውዝ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ መያዝ ይበጃል።

ከኡላንባታር በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ባቡሩ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሄደው። ዳርኻን በምትባለው ከተማ አካባቢ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ወደ ምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለእኔ ባቡሩ ይሻላል። አልጋው ምቹ ነው፣ ዋጋው አይጎዳም፣ ጠዋት በመስኮት የሚታየው ሜዳ ደስ ይላል። ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ከዚያ ታክሲ ወይም አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው።

ክረምቱ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ብርዳማ ወቅት፣ ይጨክናል። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ያልፋል። በጸደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞ ነፋሱ ከማዕድን ፋብሪካው የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ነጭ አቧራ እያነሳ ወደ ከተማው ያመጣል። ነዋሪው ሲማረርበት የኖረ ችግር ነው። አስም ያለበት ሰው ያን ወቅት ቢተወው ጥሩ ነው። የሚመረጠው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በፈረንጆች ከጁላይ 11 እስከ 13 የናዳም በዓል አለ። ትግል፣ የፈረስ ውድድርና ቀስት ውርወራ ታያላችሁ፤ ሕዝቡም ከዋና ከተማው ያነሰ ስለሆነ ቀረብ ብሎ ለማየት ይመቻል።

አንድ ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ወደ አማርባያስጋላንት ገዳም ይሂድ። የሚገኘው ከኤርደኔት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። በ1727 እና በ1736 መካከል የታነፀ ነው። ለሞንጎሊያ ቡድሂስቶች የመጀመሪያ ታላቅ መሪ ለዛናባዛር መታሰቢያ ሆኖ ተሠራ። በ1937 በኮሚኒስቶቹ ዘመቻ ብዙ መነኮሳት ተገደሉ፣ ከ40 በላይ ከነበሩት ቤተ መቅደሶች የተረፉት 28 ናቸው። ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ መንገዱ አፈር ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ያለ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ያስፈልገዋል። ዝናብ ጥሎ ሹፌሩ «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ አትከራከሩት፤ በማግስቱ ሂዱ።