ኃይለኛ ኤሌክትሮኒክስን በፈሳሽ ማቀዝቀዝ

ቺፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሙቀቱን በማራገቢያ ማባረር እስከተወሰነ ደረጃ ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ግን አየር አይችለውም። መጠናቸው እኩል የሆነ ውሃና አየር እኩል ዲግሪ ቢሞቁ፣ ውሃው 3,500 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ሙቀት ይሸከማል።

በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ኮልድ ፕሌት ነው። ውስጡ ጠባብ ቦዮች ያሉት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ቺፑ ላይ ይታሰራል። በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት ቴርማል ፔስት የተባለ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ይሞላዋል። ፓምፕ ውሃውን በቦዮቹ ያዞራል፤ ውሃውም የወሰደውን ሙቀት ራዲያተር ላይ ያራግፋል። ፔስቱ በደንብ ካልተቀባ ጠንካራ ፓምፕ መግጠሙ ብዙም አያድንም።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ ያደረገው 3081 ኮምፒውተር በዚህ ሙያ ትልቅ ቦታ ይገባዋል። ጎኑ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሴራሚክ ላይ ከ100 በላይ ቺፖች ይደረደራሉ። በእያንዳንዱ ቺፕ ጀርባ፣ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚገፋ ትንሽ የአሉሚኒየም ፒስተን ያርፋል። ሙቀቱ በፒስተኑ በኩል አልፎ ውሃ የሚዞርበት ሰሌዳ ጋ ይደርሳል። ፒስተኑና ቺፑ ፍጹም ስለማይገጥሙ ክፍተቱ በሂሊየም ተሞልቷል፤ ሂሊየም ሙቀት በማስተላለፍ አየርን ስድስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እንዲህ ያለው አንድ የቺፖች እሽግ እስከ 300 ዋት ያስወግድ ነበር። እንዲህ የታሰበበት ሥራ ከስንት አንድ ነው።

በ1981 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ተከርማንና ፒዝ ቦዮቹን ቺፑ የሚሠራበት ሲሊከን ላይ ቀርጸው ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 790 ዋት ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ሱፐር ኮምፒውተር ደግሞ ሰርኪዩቶቹን ፍሎሪነርት በተባለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ ሲሞስ የተባለው ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚወስድ የቺፕ ዓይነት የኃይል ፍጆታውን ሲቀንሰው ውሃ ከብዙ የኮምፒውተር ክፍሎች ወጣ። አይቢኤም በ2008 በፓወር 575 ኮምፒውተሩ መለሰው። ዛሬ አንድ የኤንቪዲያ ኤች100 ቺፕ ብቻውን እስከ 700 ዋት ይወስዳል።

ዕቃውን በሙሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ዘይት ውስጥ መንከር ይሻላል የሚሉ አሉ። ሁሉም ክፍል አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ማራገቢያም አያስፈልግም፤ እውነት ነው። ግን ለጥገና ዕቃው ከዘይት ወጥቶ እስኪንጠፈጠፍ መጠበቅ አለ። ለአብዛኛው ሥራ ሰሌዳው እንደሚያዋጣ አያጠራጥርም። ፈሳሹ ቺፑ ላይ እየፈላ ሙቀት የሚወስድበት ዘዴ ከሁሉም የበለጠ ተስፋ ያለው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከዋናዎቹ የፈሳሹ አምራቾች አንዱ የነበረው ስሪኤም (3M)፣ ለዚህ የሚውሉትን የፍሎሪን ውህዶች በ2025 መጨረሻ ማምረት እንደሚያቆም በታኅሣሥ 2022 አስታውቋል።

የከፍተኛ ቮልቴጅ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ጣቢያዎችም በውሃ ይቀዘቅዛሉ። ውሃው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለባቸውን ክፍሎች ስለሚያገናኝ ጨውና ማዕድኑ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም ያለማቋረጥ ይለካል። በኮምፒውተር መስመሮች ውስጥ ግላይኮል የተባለ ፀረ-በረዶ ፈሳሽ ከዝገት መከላከያ ጋር ይጨመራል። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ የውሃ መስመር ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ፍርፋሪውም ጠባቦቹን ቦዮች ይደፍናል።