ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ትንሽ አብራሪ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ዴልታ ኮኔክሽን፣ ዩናይትድ ኤክስፕረስ ወይም አሜሪካን ኢግል ተብሎ በተጻፈባቸው ባለ 50 እና ባለ 76 መቀመጫ ጄቶች የሚሳፈር ሰው ስለ አብራሪዎቹ የሚለው አንድ ነው፦ «ገና እየተማሩ ነው፤ ሲጎብዙ ትልቁን ይሰጧቸዋል።» ስንት ጊዜ ታርሞ ስንት ጊዜ ተመልሷል!

«ለትልቁ አውሮፕላን ከፍ ያለ ፈቃድ ያስፈልጋል።» አያስፈልግም። የትንሹ ኤምብራየር 175 ካፒቴንና የግዙፉ ቦይንግ 777 ካፒቴን የያዙት የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ አንድ ነው። የሚለየው በላዩ የሚሰፍረው የአውሮፕላን ዓይነት ብቻ ነው፤ ይህም ለማንኛውም ጄት ይጠየቃል።

«የ1,500 ሰዓት ሕግ የወጣው ጀማሪዎች አደጋ ስላደረሱ ነው።» አየር መንገድ ላይ ለማብረር በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት የሚጠይቀውን ይህን ሕግ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የደረሰውና 50 ሰዎች የሞቱበት የኮልጋን ኤር ኩባንያ አውሮፕላን አደጋ ነው። ሁለቱም አብራሪዎች ግን ከ1,500 ሰዓት በላይ በረዋል። አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ካፒቴኑ መሪውን ወደፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ሲጎብዙ ያሳድጓቸዋል።» ማን ያሳድጋቸዋል? በትልልቆቹ አየር መንገዶች ስም እነዚህን ትናንሽ ጄቶች የሚያበረው ሪጅናል የሚባለው ኩባንያ ትልቅ አውሮፕላን የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ከራሳቸው አብራሪዎች ማኅበር ጋር በፈረሙት ውል ለሪጅናሎች የሚሰጠው በረራ በተለምዶ በ76 መቀመጫና በ86,000 ፓውንድ የመነሻ ክብደት ተገድቧል። ኤምብራየር 175-ኢ2 የተባለው አዲስ ሞዴል በአዳዲስ ሞተሮቹ ክብደት ከዚህ ጣሪያ ስላለፈ አንድም የአሜሪካ ሪጅናል አያበረውም። አጥሩን የሠራው ውል ነው፣ የአብራሪው ችሎታ አይደለም።

ስለዚህ ትልቅ ማብረር የፈለገ ሰው በአብዛኛው ሥራውን ለቆ ሌላ ኩባንያ ይቀጠራል። እዚያ ደግሞ ሁሉን የሚወስነው የቅጥር ቀደምትነት ቁጥር ነው፦ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ካፒቴን ወይም ረዳት መሆኑን፣ የሚነሳበትን ከተማ፣ የዕረፍት ቀኑን። አሥር ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው ከዝርዝሩ ግርጌ ረዳት አብራሪ ሆኖ ይጀምራል፤ የትናንት ካፒቴንነቱ አንድ ደረጃ እንኳ ከፍ አያደርገውም። በተቃራኒው ቀደምቶቹ ካልፈለጉት አዲስ ተቀጣሪ በቀጥታ ባለ ሁለት መተላለፊያው ሰፊ አውሮፕላን ላይ ሊመደብ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ምደባ ሲመርጥ የአውሮፕላኑን መጠን አያይም፤ በዚያ አውሮፕላንና በዚያ ከተማ ካሉት መካከል ስንተኛ እንደሚሆን ያሰላል። ከግርጌ ያለ ሰው ወራቱን ስልክ እየጠበቀ በተጠባባቂነት ያሳልፋል፤ በዓሉንም ቅዳሜውንም ሌሎች ቀድመው ወስደውታል።

«ትልቁን ማብረር ስለሚከብድ ነው ክፍያው የሚበልጠው» የሚለውም ከዚሁ የተወለደ ነው። ሪጅናል አብራሪ በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚነሳና የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ረጅም በረራ ላይ ያለው ግን ሦስት ወይም አራት ሆነው ማረፉን ስለሚካፈሉት በ90 ቀን ውስጥ የሚጠየቁትን ሦስት መነሳትና ሦስት ማረፍ ለማሟላት አንዳንዴ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) ይገባል። ብዙ መቀመጫ ብዙ ገቢ ያመጣል፣ ማኅበሩም በዚያ ላይ ይደራደራል፤ የልዩነቱ ምንጭ ይህ ነው። የጭነት አጓጓዡ ዩፒኤስ ለሁሉም የአውሮፕላን ዓይነቶቹ አንድ የክፍያ ሠንጠረዥ መጠቀሙ ይህንኑ ያሳያል።

«ሪጅናል አብራሪ ይራባል።» ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የአሜሪካን አየር መንገድ ንብረት የሆኑት ኢንቮይና ፒድሞንት የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር ከፍ አደረጉ።

90 ዶላሩን በሳምንት 40 ሰዓት የሚያባዛ ግን ሌላ ስህተት ይሠራል። ሰዓቱ በአብዛኛው የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከበሩ ሲንቀሳቀስ ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ነው። ዙሪያውን መፈተሹ፣ ተሳፋሪ ማስገባቱ፣ በሁለት በረራዎች መካከል መቀመጡ ብዙውን ጊዜ አይከፈልም። ሕጉም በ365 ቀን ውስጥ ከ1,000 ሰዓት በላይ መብረርን ይከለክላል። ዋስትናው፣ ማለትም ያነሰ ቢበርም የሚከፈለው ዝቅተኛ ሰዓት፣ በወር 75 ከሆነ ሒሳቡ 6,750 ዶላር ነው፣ ከግብር በፊት። ቅጥር የሚያወዳድር ሰው ከሰዓቱ ዋጋ አስቀድሞ ይህን ዋስትና ይጠይቅ፤ በረራ ሲሰረዝ ክፍያው ይቀራል ወይ፣ በተሳፋሪነት ወደ ሥራ ሲላክ ስንት እጁ ይታሰብለታል የሚሉትንም አብሮ። ከሚኖርበት ከተማ ወደሚነሳበት ከተማ በራሱ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ያ ቀን ክፍያ የለውም።