ስሞልት ምንድን ነው? የሳልሞን ጫጩት ባሕር ሲገባ

ስለ ሳልሞን ሲወራ ሁሌ የሚነሳው መመለሻው ነው። ፏፏቴ እየዘለለ ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚወጣው ትልቁ ዓሣ። ስለ መሄጃው ብዙም አይወራም፤ እኔን የሚገርመኝ ግን እሱ ነው።

ስሞልት ማለት ከወንዝ ወደ ባሕር ለመውረድ ሰውነቱ የተዘጋጀ ወጣት ሳልሞን ነው። ወንዝ ውስጥ ሳለ ጎኑ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት፤ ከጠጠሩ ጋር ያመሳስሉታል። ጊዜው ሲደርስ መስመሮቹ ደብዝዘው ብርማ ይሆናል። ጠባዩም ይቀየራል። ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ቦታዬን አልለቅም ሲል የነበረው ዓሣ ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት።

ከባዱ ለውጥ ለዓይን አይታይም። በወንዝ ውስጥ የዓሣው ደም ከውኃው ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውኃ ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል። ስለዚህ እምብዛም አይጠጣም፣ ሽንቱ ግን ብዙ ነው። ባሕር ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጨዋማው ውኃ ያደርቀዋል። ባሕሩን እየጠጣ ጨውን በስንጥቡ መልሶ ማስወጣት አለበት። ስንጥቡ ለዚህ ካልደረሰ አለቀለት።

ወደ ባሕር የሚወርዱበት ዕድሜ እንደየዝርያቸው ይለያያል። ፒንክ የሚባለው ከጠጠሩ ብቅ እንዳለ ወደ ባሕር ይሮጣል። ሶክአይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሐይቅ ውስጥ ያድጋል።

ከዚያስ ወዴት? በየአቅጣጫው አይበተኑም። ከካናዳው ፍሬዘር ወንዝ የሚወጡት ሶክአዮች አብዛኞቹ በጆርጂያ የባሕር ሰርጥ በኩል ወደ ሰሜን ያቀናሉ። ዳርቻውን ይዘው እስከ አላስካ ይጓዛሉ፤ ወደ ጥልቁ ባሕር የሚገቡት ብርዱ ሲቃረብ ነው። ቺኑክ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከአንዱ ከሰሜን አሜሪካው ኮሎምቢያ ወንዝ ወጥተው ገሚሶቹ ወደ አላስካ ሲፈተለኩ፣ ሌሎቹ እዚያው በአሜሪካዎቹ ዋሽንግተንና ኦሬገን ግዛቶች ዳርቻ ይቆያሉ።

ይህ በምን ታወቀ? አንዱ መንገድ 1 ሚሊሜትር ገደማ የምትረዝም ቁጥር ያላት ሽቦ ናት። ጫጩቱ አፍንጫ ውስጥ ትቀበራለች። ምልክት እንዲሆንም ጀርባው ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ትቆረጣለች። ዓሣው ሲጠመድ ሽቦዋ ከየት እንደተነሳ ትናገራለች። ቅርፊቱም ይመሰክራል፦ ሰፋ ያለ ቀለበት ጥሩ የበላበት ጊዜ ነው፣ የተጠጋጋ ደግሞ የብርድና የችጋር።

ብዙዎቹ የሚያልቁት በባሕር የመጀመሪያ ወራት ነው። ቶሎ ያላደገ ወይ ይበላል፣ ወይ ብርዱን አይሻገርም። በ2009 እ.ኤ.አ. ወደ ፍሬዘር ከ10 ሚሊዮን በላይ ሶክአይ ሲጠበቅ የመጣው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ካናዳ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመች፤ ኮሚሽኑም ጥፋቱ የአንድ ነገር ብቻ ነው ለማለት አልቻለም። ብዙ ተመራማሪዎች ግን ጣታቸውን የሚቀስሩት እነዚያ ዓሦች ስሞልት ሆነው ባሕር በገቡበት በ2007 ላይ ነው።