50/20 እና 55/15፦ ለአሜሪካ ዜግነት ከእንግሊዝኛ ፈተና ነፃ የሚሆነው ማን ነው?

«እማማ 50 ሞልቷቸዋል፣ እንግሊዝኛ አይፈተኑም» ሲባል ይሰማል። ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም። 50/20 ማለት አመልካቹ ኤን-400 የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ በሚያስገባበት ቀን 50 ዓመት የሞላው፣ በግሪን ካርድም አሜሪካ ውስጥ በድምሩ 20 ዓመት የኖረ ማለት ነው። በ55/15 ዕድሜው 55፣ የኑሮው ዘመን 15 ይሆናል። የሚታየው የማመልከቻው ቀን እንጂ የቃለ መጠይቁ ቀን አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ወር ሲቀራቸው ቸኩለው ያስገቡ ሰዎች በእንግሊዝኛ ይፈተናሉ። ዓመቱን ሲቆጥሩ ግሪን ካርዱ ላይ ነዋሪነት የጀመረበትን ቀን ይያዙ፤ የማብቂያው ቀን ለዚህ አይረዳም።

በዜግነት ፈተናው ያለው የአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ጥያቄ ግን አይቀርላቸውም፤ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ይመልሱታል። 65 ዓመት የሞላቸውና 20 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩት የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው፤ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ ያልፋሉ።

በሕመም ምክንያት መማር ላልቻለ ሰው ከፈተናው ነፃ ለመሆን የሚጠየቅበት ኤን-648 የተባለ ቅጽ አለ፤ የሚሞላው ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነው። እርጅና ወይም አለመማር ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ ትምህርትን እንዴት እንደሚያግድ ካላብራራ ቅጹ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ነፃ ያልሆኑትን የምታስተምሩ፣ ሰዋስው ላይ ብዙ አትቆዩ። ተፈታኙ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን ሲነበብለት መጻፍ ይበቃዋል። ይልቅ የኤን-400ን ጥያቄዎች አፍ ለአፍ አለማምዱ፤ የመናገር ችሎታ የሚመዘነው በእነሱ ነው። የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ውስጥ የወደቀበትን ክፍል ብቻ ዳግም ይፈተናል።