ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ፦ ፈረንሳይና እንግሊዝ በቢቨር ቆዳ የተፎካከሩበት ሰሜን

ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በዛሬዋ ካናዳ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኝ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ ተሸፍኖ የሚያሳልፍ ሰፊ የውኃ አካል ነው። ወደ ደቡብ የሚገባው ጫፉ ጄምስ ቤይ ይባላል። ክሪ፣ ዴኔና ኢኑይት የተባሉት ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ጀምረው በዙሪያው ሲያድኑና ሲነግዱ ኖረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕረ ሰላጤው ስም የመጣው ከእንግሊዛዊው መርከበኛ ከሄንሪ ሃድሰን ነው። ሃድሰን በ1610 ወደ እስያ የሚያሻግር የባሕር መንገድ ሲፈልግ እዚያ ደረሰና ክረምቱን በበረዶ ተይዞ አሳለፈ። በ1611 ባልደረቦቹ አምፀው እሱን፣ ልጁንና ሌሎች ሰባት ሰዎችን በትንሽ ጀልባ ላይ ትተዋቸው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም።

እውነተኛው ሽሚያ የጀመረው ቢቨር በተባለ በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚኖር ጠጉራም እንስሳ ቆዳ ነው። የቢቨር የውስጥ ጠጉር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ስለሚጠብቅ፣ በአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነበር። በተለይ የክሪ ሰዎች ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርገው የለበሱት ካባ ከአዲስ ቆዳ የበለጠ ዋጋ ያወጣ ነበር፤ ሲለበስ የቆየ ካባ ረጅሙ ጠጉር ረግፎለት ለባርኔጣ የሚሆነው ብቻ ይቀራልና። በኋላም በንግድ ጣቢያዎቹ አንድ ምርጥ የቢቨር ቆዳ የዋጋ መለኪያ ሆኖ፣ ጠመንጃውም ድስቱም ብርድ ልብሱም በእሱ ይተመን ጀመር።

ፈረንሳዮች ይህን ሀብት ያጡት በራሳቸው ሹም እጅ ነው ማለት ይቻላል። ፒየር ራዲሶንና የእህቱ ባል ግሮዜየ በ1660 ከላይኛው ሐይቅ (ሌክ ሱፒሪየር) አካባቢ ብዙ ቆዳ ይዘው ኒው ፍራንስ ወደ ተባለው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሲመለሱ፣ ያለ ፈቃድ ነግዳችኋል ተብለው ተቀጡ። ሁለቱም አኩርፈው ወደ እንግሊዞች ዞሩ። በ1668 ግሮዜየን የጫነችው ነንሳች የተባለች ትንሽ መርከብ ጄምስ ቤይ ደረሰች፤ በማግሥቱም ዓመት ቆዳ ጭና ለንደን ገባች። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ግንቦት 2 ቀን 1670 ለሃድሰን ቤይ ኩባንያ ቻርተር፣ ማለትም የንጉሥ የመብት ሰነድ ሰጠ። ወንዞቻቸው ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚፈሱ አገሮች ሁሉ፣ ነዋሪዎቻቸው ሳይጠየቁ፣ ለኩባንያው ተሰጡ። ራዲሶንና ግሮዜየ ደግሞ በ1682 ተመልሰው ለፈረንሳይ ሠሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ራዲሶን እንደገና ወደ እንግሊዝ ገባ።

በ1686 ሁለቱ ነገሥታት ሰላም ላይ ሳሉ፣ ደ ትሯ የተባለ መኮንን መቶ ያህል ሰዎች ይዞ ከሞንትሪያል ተነሣ። ፏፏቴ ሲያጋጥማቸው ታንኳቸውን እየተሸከሙ ተጉዘው ጄምስ ቤይ ሲደርሱ ሦስት የእንግሊዝ ምሽጎችን ያዙ። አብሮት የዘመተው ዲበርቪል በ1697 ፔሊካን በተባለች አንዲት መርከብ ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን ገጥሞ አንዷን አሰጠመ፣ አንዷን ማረከ፤ ሦስተኛዋ ሸሸች። ቀጥሎም ዮርክ ፋክተሪ የተባለውን የኩባንያውን የንግድ ጣቢያ ያዘ። ይህ ሁሉ ድል ግን በ1713 በዩትሬክት ውል ተሻረ፤ ፈረንሳይ ባሕረ ሰላጤውን ለእንግሊዝ ለቀቀች።

በጦርነት ታሪክ ውስጥ ጥቂት ብቻ የምትነሳው ታናደልተር የምትባል ወጣት የዴኔ ሴት ናት፤ ከአዛዦቹ ያላነሰ ቦታ ይገባታል። ክሪዎች ማርከዋት ነበርና አምልጣ በ1714 ዮርክ ፋክተሪ ደረሰች። የጣቢያው አዛዥ ጄምስ ናይት በማግሥቱ ዓመት ከዊልያም ስቱዋርትና ከ150 ያህል ክሪዎች ጋር ለዕርቅ ላካት። ረኃብና በሽታ ጉዞውን በተነው። በመንገድም የተገደሉ ዴኔዎች አስከሬን ሲያገኙ፣ ክሪዎቹ በቀልን ፈርተው ለመመለስ ፈለጉ። እሷ አሥር ቀን ጠብቁኝ ብላ ብቻዋን ሄደች። ድምጿ እስኪዘጋ ወገኖቿን ለምና፣ በተባለው ቀን ይዛቸው መጣች፤ ዕርቁም ወረደ። የካቲት 5 ቀን 1717 በሕመም ሞተች። ናይት ኀዘኑን በጣቢያው መዝገብ ጽፏል። በዚያው ዓመት ኩባንያው ለዴኔዎች ንግድ በቸርችል ወንዝ ጣቢያ አቆመ።

ፈረንሳዮች ከዚያ በኋላ በየብስ ሞከሩ። ላ ቬራንድሪ በ1730ዎቹ እስከ ዊኒፔግ አካባቢ ምሽጎች ሠርቶ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርድ የነበረውን ቆዳ ከመንገድ ያስቀር ነበር። በ1763 ፈረንሳይ ካናዳን ለቀቀች። በ1782 ግን በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ሰበብ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ላ ፔሩዝ በባሕር መጥቶ የቸርችሉን ምሽግና ዮርክ ፋክተሪን ያዘ። የቸርችሉ አዛዥ ሳሙኤል ሄርን ሳይዋጋ እጁን ሰጠ። እንግሊዞቹ በማግሥቱ ዓመት ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ተፎካካሪዎች የሞንትሪያል ነጋዴዎች ነበሩ፤ እነሱም በ1821 ከኩባንያው ጋር ተዋሃዱ።